ፒልስ ወይስ ሆርሞን ያለው ሉፕ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ሴቶች የአመራረጥ መመሪያ

የሚዋጠው ፒልስም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕም እርግዝናን በመከላከል ሁለቱም ይሠራሉ። ልዩነታቸው ሥራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው። ፒልስ ስትመርጪ በዓመት 365 ጊዜ ሥራው ያንቺ ነው። ሉፕ ከሆነ ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን የአዋላጅ ነርሷ ነው። ፒልስ አንድም ቀን ሳይዛነፍ ከተዋጠ በዓመት ውስጥ የሚያረግዙት ከ100 ሴቶች አንድ አይሞሉም። ሰው ግን ይረሳል፣ መንገድ ይወጣል፣ ይታመማል፣ እሽጉም ሳይታሰብ ያልቃል። በእንዲህ ዓይነቱ የተለመደ ኑሮ ከ100 ፒልስ ተጠቃሚዎች 7ቱ ገደማ በመጀመሪያው ዓመት ያረግዛሉ። ሆርሞን ባለው ሉፕ ግን በወረቀት ላይ ያለው ቁጥርና በኑሮ የሚታየው ቁጥር አይራራቁም፤ የሚረሳ ነገር ስለሌለው በሁለቱም ከ100 አንድ አይሞላም።

ይህን ያየች ሴት «እንግዲያው ሉፕ ነዋ!» ልትል ትችላለች። ገና ነው። የምትችይውን ካወቅሽ በኋላ ነው የምትወጂውን የምትመርጪው። መጀመሪያ ሰውነትሽ የቱን እንደሚከለክል እይ፤ ቀጥሎ የዕለት ኑሮሽ የቱን እንደሚሸከም፤ ከዚያ የደሙን ነገር፤ በመጨረሻ የት እንደሚገኝ።

ደረጃ 1፦ የምትጠይቂውን በስሙ ለዪ

«ፒልስ» ሲባል ሁለት ዓይነት ነው። በብዛት የሚሰጠው 28 ፍሬ ያለው ነው። 21ዱ ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የሚባሉ ሁለት ሆርሞኖችን የያዙ ሲሆኑ፣ የቀሩት 7 ቡናማ ፍሬዎች ሆርሞን የላቸውም፤ ብረት (አይረን) ናቸው። ደም የሚመጣው ቡናማዎቹን በምትውጪበት ሳምንት ነው። ሁለተኛው ሚኒ ፒል ነው። ኤስትሮጅን የለበትም፣ ባዶ ሳምንት የለውም፣ ብዙውን ጊዜ ለሚያጠቡ እናቶች ይሰጣል። ከዚህ በኋላ «ፒልስ» ስንል ባለ 28 ፍሬውን ነው፤ ሚኒ ፒሉን በስሙ እንጠራዋለን።

«ሉፕ»ም ሁለት ነው፤ ብዙ ቅሬታ የሚነሳውም ከዚህ ነው። የመዳቡ ሉፕ ሆርሞን የለውም፣ እስከ 12 ዓመት ይሠራል፣ የወር አበባን ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊያበዛና ቁርጠቱን ሊያጠናክር ይችላል። ሆርሞን ያለው ሉፕ በተቃራኒው ደሙን ይቀንሳል። በመንግሥት ጤና ጣቢያ «ሉፕ» ብለሽ ብቻ ከጠየቅሽ ብዙ ጊዜ የምታገኚው የመዳቡን ነው። ደሜ ይቀንሳል ብላ ያስገባች ሴት የመዳብ ሉፕ ገብቶላት ሲበዛባት «ሉፕ አይስማማኝም» ብላ ታስወጣዋለች፤ ያልተስማማት ግን ሌላ ዕቃ ነው።

ስለዚህ ገና አልጋው ላይ ሳትወጪ፦ «ሲስተር፣ ይሄ የመዳቡ ነው ወይስ ሆርሞን ያለው? እሽጉን አንዴ ላየው?» በይ። ሁለቱም የ«ቲ» ቅርጽ ያላቸው፣ በግራና በቀኝ ከ3 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚያልፉ ፕላስቲኮች ናቸው። የመዳቡ ግንድ ላይ ቀላ ያለ ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ሆርሞን ያለው ግንዱ ላይ ሽቦ የለበትም፤ ወፈር ያለ ነጭ ቱቦ መሰል ነገር ነው ያለበት። መድኃኒቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ በብዛት የሚታወቀው ዓይነት 52 ሚሊ ግራም ሌቮኖርጀስትሬል ይይዛል፣ መጀመሪያ ላይ በቀን 20 ማይክሮ ግራም ገደማ ያወጣል። ለማነጻጸር፣ በብዙ የፒልስ ዓይነቶች ውስጥ የዚሁ ሆርሞን መጠን በአንድ ፍሬ 150 ማይክሮ ግራም ነው፤ ያውም ኤስትሮጅኑ ሳይቆጠር። ሉፑ ትንሽ የሚበቃው ሥራው እዚያው ማህፀን ውስጥ ስለሆነ ነው፤ የማህፀን በር ላይ ያለውን ፈሳሽ አወፍሮ የወንዱን ዘር ይዘጋል፣ የማህፀኑን ውስጠኛ ሽፋን ያሳሳል። ፒልስ ግን ከደም ጋር ዞሮ እንቁላሉ እንዳይወጣ ነው የሚከለክለው።

ደረጃ 2፦ ሰውነትሽ የሚከለክለውን እወቂ

ፒልስን በተመለከተ ትልቁ ጥያቄ ኤስትሮጅኑ ነው። ኤስትሮጅን ደም የመርጋት ዕድልን ስለሚጨምር የሚከለከሉት ሴቶች አብዛኞቹ በዚህ ምክንያት ነው።

የደም ግፊትሽን ሳትለኪ ፒልስ አትጀምሪ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፒልስ ላንቺ አይደለም። አለካኩ ላይ ግን ልብ በይ፤ የደሴን ዳገት ወጥተሽ እያለከለክሽ ገብተሽ ወዲያው ብትለኪ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይቀርም። ቡና ጠጥተሽም ከሆነ ግማሽ ሰዓት አሳልፊ። ወንበር ላይ ተደግፈሽ፣ እግርሽን ሳታነባብሪ፣ 5 ደቂቃ ያህል ሳታወሪ ተቀመጪና ተለኪ። ከፍ ካለ ይደገም በይ።

ቀጥሎ ራስ ምታት። ማንኛውም ራስ ምታት አይደለም። ከመጀመሩ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ወይም ዚግዛግ መስመር የሚታይሽ፣ ወይም ፊትሽንና እጅሽን በአንድ በኩል የሚያደነዝዝ ማይግሬን ካለብሽ ዕድሜሽ ምንም ቢሆን ፒልስ አትውሰጂ፤ የስትሮክ አደጋው እውነተኛ ነው። ዕድሜሽ 35 ከሞላና ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነም አይሆንም። ሺሻውንም ለነርሷ ንገሪያት፤ «ሲጋራ አላጨስም» ብሎ ሺሻን መተው የተለመደ ነው።

ወልደሽ እያጠባሽ ከሆነ ልጁ 6 ወር እስኪሞላው ፒልሱን ተዪው። በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ፈጽሞ አይወሰድም። በዚህ ጊዜ ሚኒ ፒል ወይም ሉፕ ይሆናል። ሉፕ ከወሊድ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ያ ካለፈ 4 ሳምንት እስኪሞላ ይጠበቃል።

እግርሽ ወይም ሳንባሽ ላይ ደም ረግቶ የሚያውቅ፣ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ የጡት ካንሰር፣ ከባድ የጉበት በሽታ፣ ወይም ኩላሊትሽን፣ ዓይንሽን ወይም ነርቭሽን የጎዳ ስኳር ካለብሽ ፒልስ አይሰጥሽም።

የምትወስጂውን መድኃኒት ሁሉ ቁጠሪ። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው ሪፋምፒሲን (ሽንትን ብርቱካናማ የሚያደርገው) እና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ካርባማዜፒን፣ ፊኒቶይንና ፊኖባርቢታል፣ ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርጉ ፒልሱን ያደክሙታል። አንድ ቀን ሳትረሺ ውጠሽም ልታረግዢ ትችያለሽ። ሉፑን ግን አይነኩትም፤ መድኃኒቱ የሚሠራው እዚያው ማህፀን ውስጥ ነውና።

ሆርሞን ያለውን ሉፕ የሚከለክሉት ጥቂት ናቸው፦ እርግዝና፣ ምክንያቱ ያልታወቀና ገና ያልተመረመረ የደም መፍሰስ፣ ያልታከመ የማህፀን ወይም የአባላዘር ኢንፌክሽን፣ የጡት ወይም የማህፀን በር ካንሰር፣ በዕጢ ምክንያት ውስጡ የተዛባ ማህፀን፣ ከባድ የጉበት በሽታ። መጥፎ ሽታ ያለው ወይም መግል መሰል ፈሳሽ ካለሽ፣ ወይም ከእምብርት በታች የማይለቅ ሕመም ካለሽ መጀመሪያ ታከሚ። ልጅ አልወለድኩም ብለሽ ግን አትተዪው፤ ላልወለደችም ይገባል።

ሁለቱም ከኤችአይቪና ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች አይከላከሉም። ለዚያ ኮንዶም ነው።

ደረጃ 3፦ የዕለት ኑሮሽን ከፒልስ ጋር አስተያዪው

አንድ ሰዓት መምረጥ ቀላል ይመስላል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምትሠራ ሴት ግን አንዱን ሳምንት ጠዋት፣ ሌላውን ሌሊት ትገባለች። «ከመተኛቴ በፊት» ያለችው ሰዓት በየሳምንቱ ሲዞር 24 ሰዓቱ 34 ይሆናል። በሁሉም ፈረቃ ነቅተሽ የምትገኚበትን ሰዓት ፈልጊ፤ ብዙዎቹ ጋር ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ የምትሆኚበት ሳምንት ካለ እሽጉ ከቦርሳሽ አይለይ።

ስልክሽ ላይ አላርም ሙዪ፤ ግን የሰዓቱን አቆጣጠር አትሳቺ። የኛ ማታ 2 ሰዓት በስልኩ 20:00 ነው። በችኮላ 2:00 ብሎ የሞላ ሰው ስልኩ የሚጮኽለት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው፤ ሁለት ቀን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል፣ በሦስተኛው ያጠፋዋል።

ረመዳን ላይ ፒልሱን ወደ ኢፍጣር ወይም ወደ ሱሁር ማዞር ትችያለሽ። ስታዞሪ ግን ሰዓቱን አስቀድሚው እንጂ አታዘግዪው። ለምሳሌ ማታ 3 ሰዓት ትውጪ ከነበረ ወደ ኢፍጣር ማምጣት ማስቀደም ስለሆነ ችግር የለውም። ቀን 6 ሰዓት ትውጪ የነበረ ግን «እስከ ማታ ልቆይ» ከማለት ዋዜማው ማታ ጀምሪ።

መኪና የሚያዞርሽ ከሆነ ሐረጎን ስትወርጂ ወይም ስትወጪ ፒልሱ ሆድሽ ውስጥ ገና ባይሆን ይሻላል። ከዋጥሽ በኋላ 2 ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ እንዳልዋጥሽው ነው የሚቆጠረው፤ ወዲያው ሌላ ፍሬ ዋጪ። ስለዚህ ከደሴ ኮምቦልቻ ብትመላለሺ፣ ከደረስሽ በኋላ ዋጪው። ትውከት ወይም ከባድ ተቅማጥ ከ2 ቀን በላይ ከዘለቀ እንደ ተረሳ ፍሬ ቁጠሪው።

እዚህ ላይ ራስሽን አትዋሺ። ባለፈው የሳል ወይም የጨጓራ መድኃኒት ሲታዘዝልሽ ጨርሰሽው ነበር? በየወሩ እሽግ ለማምጣት ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ መሄድ ይመችሻል? ቤት ውስጥ የሚያገኘው ሰው ቢኖርና ጥያቄ ቢያመጣብሽ? ሦስቱም ላይ መልስሽ ከከበደሽ፣ ሰውነትሽ ፒልስን ቢፈቅድም የዕለት ኑሮሽ አልፈቀደውም።

ደረጃ 4፦ የደሙን ነገር አስቀድመሽ አስቢበት

አብዛኞቹ ሴቶች ዘዴውን የሚተዉት በደም ምክንያት ነው። ስለዚህ ቀድሞ ማወቁ ዋጋ አለው።

ፒልስ ላይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በመሃል ጠብ ጠብ የሚል ደም ሊያሳይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የወር አበባው ቀኑን የጠበቀ፣ አጭርና ቀለል ያለ ይሆናል፤ ቁርጠቱም ይቀንሳል። ማቅለሽለሽ ካለ ከእራት ጋር ሲዋጥ ይቀላል።

ሆርሞን ያለው ሉፕ ላይ ነገሩ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት አስቸጋሪ ናቸው፤ ብዛት የሌለው ግን መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ደም ይታያል። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። በዓመቱ ከ5 ሴቶች አንዷ ገደማ የወር አበባዋ ጭራሽ ይቆማል። ደሟ ብዙ ስለሆነ ደም ማነስ ለያዛት ሴት ይህ መድኃኒት ነው።

«ደሙ ታዲያ የት ይሄዳል? ይጠራቀማል?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይነሳል። የወር አበባ ማለት ማህፀን በየወሩ ለእርግዝና አዘጋጅቶ የሚጥለው ሽፋን ነው። ሉፑ ሽፋኑ እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የሚጣል ነገር አይኖርም። የሚጠራቀም ደም የለም። ሉፑም ከማህፀን ተነስቶ ወደ ልብ ወይም ወደ ጨጓራ አይሄድም። «መካን ያደርጋል» የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ፒልስ ስታቆሚም ሉፕ ስታስወጪም የመውለድ አቅምሽ ቶሎ ይመለሳል። ከቆመ በኋላ ጥቂት ወራት የሚያዘገየው ባለ 3 ወሩ መርፌ ነው፤ የሱ ታሪክ ነው ወደ ሌሎቹ የሚለጠፈው።

ለምትሰግጅ፣ ለምትጾሚ ወይም ቤተ ክርስቲያን ለምትሳለሚ ሴት ያ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ደም ከሕክምና ያለፈ ጥያቄ ያመጣል። ሉፑን የምታስገቢው ረመዳን ወይም ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ከሆነ አስቸጋሪው ጊዜ እዚያው ላይ ይወድቃል፤ ከተቻለ ከጾሙ 6 ወር ቀድሞ ወይም ካለፈ በኋላ አድርጊው። በመሃል ጠብ የሚለው ደም ለጾምና ለሶላት እንዴት እንደሚቆጠር ዑስታዙን ወይም የንስሐ አባትሽን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ነርሷ ልትመልስልሽ አትችልም። ፒልስ እዚህ ላይ አንድ ብልጫ አለው፦ 21ዱ ፍሬዎች አንድ ዓይነት ቀለም ከሆኑ 7ቱን ቡናማዎች ትተሽ በ22ኛው ቀን አዲስ እሽግ በመጀመር የወር አበባውን ማዘግየት ትችያለሽ። ለሐጅ ወይም ለሠርግም ይሆናል። ለዚህ ግን ተጨማሪ እሽግ አስቀድመሽ በእጅሽ ይኑር።

ደረጃ 5፦ የት ትሄጃለሽ፣ ምን ትጠይቂያለሽ

የቤተሰብ ምጣኔ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ነው። ፒልሱ በየጤና ጣቢያው ይገኛል። ሆርሞን ያለው ሉፕ ግን በየቦታው ስለማይኖር ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ወይም ሰው ልከሽ አረጋግጪ፤ በተለይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደሽ «የለም» ከመባል። በግል ክሊኒክ ከሆነ ሦስት ዋጋ ለየብቻ ጠይቂ፦ የሉፑን፣ የማስገቢያውን፣ የማስወጫውን። ሦስተኛውን የሚጠይቅ ጥቂት ሰው ነው። «ሉፕ በሳምንት ስንት ታስገባላችሁ?» ማለትም ነውር የለውም፤ እጇ የለመደ ባለሙያ ያስገባችው የመውደቅ ዕድሉ ያነሰ ነው።

የትኛውንም ስትጀምሪ እርጉዝ አለመሆንሽ መታወቅ አለበት። ሁልጊዜ የሽንት ምርመራ አያስፈልግም። የወር አበባሽ ከጀመረ 7 ቀን ካላለፈው፣ ካለፈው የወር አበባ ወዲህ ግንኙነት ካልነበረ፣ ከወለድሽ 4 ሳምንት ካልሞላ፣ ጽንስ ከወረደ 7 ቀን ካላለፈ፣ ሌላ አስተማማኝ ዘዴ ሳታዛንፊ ስትጠቀሚ ከቆየሽ፣ ወይም ልጅሽ ከ6 ወር በታች ሆኖ ጡት ብቻ እየጠባና የወር አበባሽ ገና ካልተመለሰ፣ አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ በቂ ነው። «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ተብለሽ ብትሸኚ ይህን አስታውሺያቸው።

ደረጃ 6፦ ፒልስ ከመረጥሽ

የወር አበባሽ በጀመረ በ5 ቀን ውስጥ ከጀመርሽ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይከላከላል። ከዚያ ውጪ ከጀመርሽ 7 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ። በቀስቱ አቅጣጫ በየቀኑ አንድ ዋጪ። እሽጉ ሲያልቅ ደሙ ቢቆምም ባይቆምም በማግስቱ አዲሱን ጀምሪ።

መርሳት አይቀርም፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቢ።

1 ወይም 2 ነጭ (ሆርሞን ያለው) ፍሬ ከረሳሽ፣ ባስታወስሽበት ደቂቃ አንድ ዋጪና የዛሬውን በሰዓቱ ቀጥዪ። በአንድ ቀን ሁለት ቢሆን አይጎዳም። ኮንዶም አያስፈልግም።

3 እና ከዚያ በላይ በተከታታይ ከረሳሽ፣ ወይም አዲሱን እሽግ 3 ቀን አዘግይተሽ ከጀመርሽ፣ ወዲያው አንድ ዋጪ፣ በየቀኑ ቀጥዪ፣ 7 ቀን ሙሉ ኮንዶም ተጠቀሚ። ባለፉት 5 ቀናት ግንኙነት ከነበረ ፖስት ፒል ጠይቂ፤ በ3 ቀን ውስጥ ቢሆን የተሻለ ነው፣ ዛሬ ቢሆን ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። የረሳሽው በ3ኛው ሳምንት ላይ ከሆነ የቀሩትን ነጮች ጨርሺ፣ ቡናማዎቹን ጣያቸው፣ በማግስቱ አዲስ እሽግ ክፈቺ።

ቡናማ ብትረሺ ምንም አይደለም፤ ያንን ጥለሽ ቀጥዪ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እንቁላል የሚሠራው ክፍል ሆርሞኑ ሲቋረጥ መንቃት ይጀምራል። ቡናማዎቹ ራሳቸው 7 ቀን ዕረፍት ናቸው፤ ከዚያ በላይ እንዲተኛ የሚያደርገው ነገር የለም። ስለዚህ በእሽጉ መሃል ከሚረሳው ይልቅ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ነጭ ፍሬ ሲረሱ ነው አደገኛው፤ ዕረፍቱን ከ7 ቀን ያስረዝሙታልና። አዲሱን እሽግ «ነገ ፋርማሲ አገኛለሁ» ብሎ ማዘግየት ከሁሉ የከፋው መርሳት ነው። ሁለተኛ እሽግ ቤትሽ ሳይኖር የመጀመሪያውን አትጀምሪ።

ሚኒ ፒል የምትወስጂ ከሆነ ትዕግሥቱ አጭር ነው። 3 ሰዓት ካዘገየሽ ወዲያው ዋጪና 2 ቀን ኮንዶም ተጠቀሚ።

አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽና ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ እይታሽ ከደበዘዘ ወይም ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ፒልሱን አቁሚና የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

ደረጃ 7፦ ሉፕ ከመረጥሽ

ቁርስ በልተሽ ሂጂ፤ ባዶ ሆድ ራስን መሳት ያቀርባል። ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ 400 ሚሊ ግራም አይቡፕሮፌን ውሰጂ። ጨጓራ ካለብሽ በምትኩ ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ሁለት ፍሬ።

አልጋው ላይ የሚሆነው በቅደም ተከተል ይህ ነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ አንድ እጇን በውስጥ፣ ሌላውን ሆድሽ ላይ አድርጋ ማህፀንሽ ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ የተጋደመው ታውቃለች። ይህን የዘለለች ባለሙያ አቅጣጫውን ሳታውቅ ነው የምትገፋው። ቀጥሎ ብልትን ከፍቶ የሚይዘውን መሣሪያ ታስገባለች፣ የማህፀን በሩን በአዮዲን ታጸዳለች፣ ከዚያ እንዳይንቀሳቀስ በመቆንጠጫ ትይዘዋለች። አንደኛው ቁንጥጫ እዚህ ላይ ነው። በቀጭን ዘንግ የማህፀኑን ጥልቀት ትለካለች፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ከ6 ካነሰ አይገባም። ሁለተኛው ቁርጠት ይህ ነው። ሦስተኛው ሉፑ ራሱ ሲገባ ነው፤ የወር አበባ ቁርጠት ጠንከር ብሎ እንደመጣ ያለ ስሜት ነው። ከዚያ ክሮቹን 3 ሳንቲ ሜትር አስቀርታ ትቆርጣለች። ሁሉም ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። «አሁን ምን እያደረግሽ ነው?» ማለት፣ «ቆዪ» ማለትም ይቻላል። ስትጨርስ ዘለሽ አትነሺ፤ ጥቂት ተኝተሽ፣ ቁጭ ብለሽ፣ ከዚያ ቁሚ።

የወር አበባሽ በጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ከገባ ወዲያው ይከላከላል። ከዚያ ውጪ ከሆነ 7 ቀን ኮንዶም፤ ወይም ፒልስ ላይ የነበርሽ ከሆነ ለ7 ቀን ፒልሱን አታቋርጪ። ከመዳቡ የሚለይበት ሌላው ነጥብ ይህ ነው፤ የመዳቡ በገባበት ሰዓት ይሠራል።

ሳትወጪ ካርድ ጠይቂ። የሉፑ ዓይነት፣ የገባበት ቀን፣ የሚወጣበት ቀን ይጻፍበት። ሆርሞን ያለው እንደ ምርቱ ከ5 እስከ 8 ዓመት ስለሚሠራ ቀኑን በግምት አትተዪው። ደግሞ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው አብሮ ይጻፍ። በኛ አቆጣጠር 2018 ተብሎ የተጻፈን ካርድ ሌላ ከተማ ያለ ባለሙያ በፈረንጅ አንብቦት ጊዜው ያለፈ ሊመስለው ይችላል፤ መካከሉ 7 ወይም 8 ዓመት ነው።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዴ ታዪ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወር አበባ በኋላ ክሩን ራስሽም መፈተሽ ትችያለሽ፦ እጅሽን ታጠቢ፣ ቁጢጥ በይ፣ ጣትሽን ወደ ውስጥ አስገቢ። የማህፀን በር የአፍንጫ ጫፍ ያህል ጠንከር ብሎ ይገኛል፣ ክሩ ከመሃሉ ይወጣል። አትሳቢው። ክሩ ከጠፋ፣ ከረዘመ፣ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ጣትሽን ከነካሽ ሉፑ ቦታውን ለቋል ማለት ሊሆን ስለሚችል እስክትታዪ ኮንዶም ተጠቀሚ። በመጀመሪያው ዓመት ከ100 ሴቶች በ5ቱ ገደማ ይወጣል፤ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሳይታወቅም ሊወድቅ ይችላል። ማህፀንን መብሳት የሚያጋጥመው ግን ከ1,000 አንዷን ገደማ ነው። ባልሽ ክሩ ከነካው አታስወጪ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ ከጊዜም ጋር ይለሰልሳል።

በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ከእምብርት በታች እየባሰ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ኢንፌክሽን ስለሚሆን አትቆዪ። በማንኛውም ጊዜ ደግሞ በአንድ ጎን ከባድ ሕመም ከማዞር ጋር ከመጣ፣ ወይም የእርግዝና ምርመራው «አለ» ካለ፣ የዚያኑ ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ሉፕ እያለ ማርገዝ እምብዛም የማይገጥም ነው፤ ሲገጥም ግን ጽንሱ ከማህፀን ውጪ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ያ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ያደማል።

ሐሳብሽን ከቀየርሽ

ፒልስን በፈለግሽ ቀን ማቆም ትችያለሽ። ሉፑን ለማስወጣትም ምክንያት ማቅረብ ወይም ጊዜው እስኪያልቅ መጠበቅ የለብሽም፤ ክሩ ተይዞ በቀስታ ሲሳብ በደቂቃ ይወጣል። ራስሽ አትሞክሪው። ከሉፕ ወደ ፒልስ የምትዞሪ ከሆነ ሉፑ ከመውጣቱ 7 ቀን ቀድመሽ ፒልሱን ጀምሪ። የወንድ ዘር ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ ሰኞ ግንኙነት አድርጋ ረቡዕ ሉፑን ያስወጣች ሴት ፒልሱን ረቡዕ ማታ ብትጀምርም አልደረሰችበትም።